ትንሿ መኪናና ጀማሪው ነጂ

የቤተሰብ ዐምድ



በጦር ሰፈር ግቢ ውስጥ የሽቦ መኪና ሳይነዳ ያደገ ልጅ ብዙ አይገኝም። አካሏ ከሽቦ ወይም ከባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ ይበጃል፤ ጎማዋ ከቆርኪ ይወጣል፤ መሪዋም ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ልጁ ደረት ይደርሳል። እናት «የልብስ ማስጫዬን ሽቦ ማን ቈረጠው?» እያለች ስትቈጣ፥ ልጁ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ በቤቶቹ መካከል ያልፋል። ወደ ማታ ደግሞ ሦስት አራት ሆነው ይሽቀዳደማሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ፥ ብዙ ጊዜም በቅርቡ የጀመረው፥ ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል። ጥቂት ቀን ይሞክርና ይተዋል። ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ኋላ ስለሚቀረው ልጅ ነው። መነሻ ያደረግነውም በሌላው ዓለም ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ክለብ መሥርተውና ሊግ አቋቁመው የሚወዳደሩበትን የሞዴል መኪና ስፖርት ነው። ይህ ስፖርት በዘመኑ ከገጠሙት ችግሮች አንዱ ለጀማሪው ቦታ የማጣት ችግር ነበር፤ ካገኛቸው መፍትሔዎች አንዱም «የጀማሪዎች ምድብ» የተባለው ሥርዐት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጨዋታው እንዴት ተጀመረ

በ1957 ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ የአሻንጉሊት ሠሪ «ስካሌክስትሪክ» የተሰኘውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በዚህ ጨዋታ መኪናዋ መሪ የላትም። ከሆዷ በታች ያለው ትንሽ ምላስ በመንገዱ ላይ በተሰነጠቀው ቀጭን ቦይ ውስጥ ገብቶ ይመራታል፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉት የብረት ሰቆችም የኤሌክትሪክ ኃይል ታገኛለች። የነጂው ሥራ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ ኃይሉን መጨመርና መቀነስ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ኃይሉን ከኩርባው በፊት በወቅቱ ያልቀነሰ ሰው መኪናውን ከመንገዱ ውጪ ተገልብጣ ያገኛታል።

በሬዲዮ የምትታዘዘው መኪና የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። በ1966 ኤልጂ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከእውነተኛው መኪና ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያነሰች የፌራሪ ሞዴል በሬዲዮ እንድትታዘዝ አድርጎ አወጣ። በ1967 በአሜሪካ የእነዚህ መኪናዎች ተወዳዳሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1979 ደግሞ የየክፍለ ዓለሙን ማኅበራት የሚያስተባብር ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1976 የመጀመሪያዋን በሬዲዮ የምትታዘዝ መኪናውን ለገበያ ካወጣ በኋላ፥ በ1984 «ግራስሆፐር» ማለትም «ፌንጣ» የተባለችውን በተለይ ለጀማሪ የተዘጋጀች መኪና አቀረበ። ፌንጣ በሣጥን ውስጥ ተፈታትታ ትመጣለች። የገዛት ልጅ ካቻቢቴውን ይዞ፥ ሥዕሉን እየተመለከተ፥ ብሎኑን አንድ በአንድ አጥብቆ ራሱ ይገጣጥማታል። በመሆኑም በተሰበረች ጊዜ ራሱ ሊጠግናት ይችላል። ብዙ የዛሬ አንጋፋ ተወዳዳሪዎች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከእርሷና እርሷን ከመሰሉት ነው።

የአንድ ሞቅ ያለ ጨዋታ መቀዝቀዝ

ታሪክ የሚያስተምረን በዚህ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች ባለ ቦይ መንገድ የሞዴል መኪና ማወዳደሪያ አዳራሾች በብዛት ተከፈቱ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳንቲሙን ከፍሎ ለተወሰነ ደቂቃ መስመር ይከራያል፤ መኪና ከሌለውም መኪናውን ጭምር ይከራያል። ነገር ግን ያ ሁሉ ድምቀት ብዙ አልቈየም። ዐሥርተ ዓመቱ ሳይፈጸም አብዛኞቹ አዳራሾች ተዘጉ።

ለዚህ ውድቀት የሚቀርቡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። አዳራሾቹ ከገበያው በላይ መብዛታቸው አንዱ ነው፤ የሰዉ ስሜት ወደ ሌላ መዝናኛ መዞሩ ሌላው ነው። ከሁሉ ይልቅ የእኛን ትኩረት የሳበው ግን የሚከተለው ነው። የተካኑት ተወዳዳሪዎች ሞተራቸውን ፈትተው፥ ሽቦውን እንደ ገና ጠምጥመው፥ ሻንሲውን አቅልለው መኪናቸውን በየወሩ የበለጠ ፈጣን አደረጉት። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ወጪውም አብሮ ጨመረ። አንድ ተራ መኪና ይዞ የመጣ ልጅ ከእነርሱ ጎን በተሰለፈ ጊዜ መኪኖቻቸው በዓይን እንኳ ሊከተላቸው በማይችል ፍጥነት እየደጋገሙ ያልፉት ጀመር። ልጁም ተሸንፎ ሳይሆን አፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ። አዳራሹን ያቆመው ግን የጥቂቶቹ ባለሙያዎች ገንዘብ ሳይሆን የብዙዎቹ ልጆች ሳንቲም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አዲስ ሰው የማይገባበት ቤት ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። ባለሙያዎቹ ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን መኪና ብቻ ስላየ ነው።

የጀማሪው አምስት ደቂቃ

እስቲ አንድ ጀማሪ በሬዲዮ በሚታዘዝ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር በሐሳባችን እንመልከተው። ውድድሩ እንደ ብዙዎቹ የማጣሪያ ዙሮች አምስት ደቂቃ ይወስዳል እንበል። የተካነው ነጂ አንዱን ዙር በ20 ሴኮንድ ይፈጽማል፤ ጀማሪው 30 ሴኮንድ ይፈጅበታል። አምስቱ ደቂቃ ሲያበቃ የመጀመሪያው 15 ዙር፥ ሁለተኛው 10 ዙር ሮጠዋል። ይህም ማለት አንድ የተካነ ነጂ ብቻ ጀማሪውን አምስት ጊዜ ያህል አልፎታል ማለት ነው። በመስመሩ ላይ እንዲህ ያሉ አምስት ነጂዎች ቢኖሩ፥ ምስኪኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል መንገድ መልቀቅ ይኖርበታል። ታዲያ መቼ ይለማመዳል?

በዚህ ላይ የዚህ ስፖርት ልዩ ፈተና ይጨመርበታል። ነጂው መኪናው ውስጥ አይቀመጥም፤ ከመስመሩ ዳር ከፍ ካለ መቆሚያ ላይ ሆኖ ከሩቅ ያዝዛል። መኪናዋ ከእርሱ ስትርቅ ቀኙ ቀኝ፥ ግራው ግራ ነው። ወደ እርሱ ፊቷን አዙራ ስትመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለመኪናዋ ቀኝ የሆነው ለነጂው ግራ ሆኖ ይታያል። ጀማሪ ሁሉ በዚህ ቦታ ይሳሳታል፤ መኪናውንም ከግንብ ጋር ያጋጫል። እጅ ይህን ያለ ሐሳብ እስኪለምድ ድረስ የሰዓታት ልምምድ እንጂ የገንዘብ ብዛት አይረዳም።

ቀደም ሲል የሬዲዮው ሞገድ ራሱ ሌላ እንቅፋት ነበር። የመገናኛ ክፍል ባልደረቦቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ይረዱታል። ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ መሣሪያቸውን ከከፈቱ የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን መኪና ያሳብዳታል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ሁሉ የተመደበለትን ሞገድ ጠብቆ፥ እንደ አስፈላጊነቱም በመሣሪያው ውስጥ ያለችውን ክሪስታል ቀይሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ይህን ያላወቀ ጀማሪ መሣሪያውን በስሕተት የከፈተ ጊዜ የሰው መኪና ያሰብራል፤ ቍጣም ይወርድበታል። ከ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ ግን መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ ሆነው በመሠራታቸው ይህ ፍርሃት በአብዛኛው ተወግዷል። የቀረው የሰው ለሰው ችግር ነው፤ እርሱንም መሣሪያ አይፈታውም፤ ሥርዐት እንጂ።

የጀማሪዎች ምድብ ምንድን ነው?

የጀማሪዎች ምድብ ማለት በአንድ የውድድር ቀን፥ በዚያው መስመር ላይ፥ ጀማሪዎች ከጀማሪዎች ጋር ብቻ የሚሰለፉበት ክፍል ነው። ሐሳቡ ለወታደር አዲስ አይደለም። ምልምል ወታደር በመጀመሪያው ቀን ከአልሞ ተኳሽ ጎን ተሰልፎ አይመዘንም። አስቀድሞ መሣሪያውን መፍታትና መግጠም ይማራል፤ ከዚያም ያለ ጥይት አያያዙንና አተነፋፈሱን ይለማመዳል፤ ከዚያ በቅርብ ርቀት ይተኩሳል፤ ርቀቱም ቀስ በቀስ ይጨምራል። በቡጢ ስፖርትም ቀላል ክብደት ያለው ሰው ከከባዱ ጋር ወደ ቀለበት አይገባም። ይህን ፍርሃት የሚለው የለም፤ ሥርዐት ነው።

ምድቡ በሚገባ እንዲሠራ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፥ መኪናዎቹ እኩል መሆን አለባቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ከሚወሰንባቸው ነገሮች አንዱ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥምጥም ነው። በተመሳሳይ ሞተሮች መካከል የጥምጥሙ ቍጥር ሲያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንስና ለመቈጣጠር ይቀላል። በቀድሞው ዘመን 27 ጥምጥም ያለው ሞተር ለተራው ምድብ የተለመደ ነበር። ዛሬ በተስፋፉት ካርቦን አልባ ሞተሮች ደግሞ 17.5 እና 21.5 ጥምጥም ያላቸው ለዝግተኞቹ ምድቦች ያገለግላሉ። አንዳንድ ክለቦች ሞተሩን አሽገው ራሳቸው ያድላሉ፤ ጎማውንም አንድ ዓይነት ብቻ ያደርጋሉ። እንዲህ ሲሆን የአባት ኪስ ለልጁ ዙር አይጨምርለትም።

ሁለተኛ፥ መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን ልምድ ይሁን። የዐሥር ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ከሮጠ ነባር ነው፤ የአርባ ዓመት ሰው ዛሬ ከጀመረ ጀማሪ ነው። አባትና ልጅ በአንድ ምድብ ቢገናኙም ነውር የለበትም።

ሦስተኛ፥ ምድቡ መግቢያ እንዳለው ሁሉ መውጫም ይኑረው። መውጫ የሌለው የጀማሪዎች ምድብ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም ከፍ ማለት ሲገባው ዋንጫ ፍለጋ ከጀማሪዎች መካከል የሚደበቅ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ምድቡ የተቋቋመበትን ዓላማ ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ የተወሰነ ጊዜ ያሸነፈ፥ ወይም ከተወሰነ ሰዓት ያነሰ ዙር የሮጠ ሰው ወደ ላይኛው ምድብ እንዲያልፍ ደንቡ አስቀድሞ ይጻፍ። ማለፉም እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ማዕርግ ዕድገት በጭብጨባ ይነገር።

አራተኛ፥ ከነባሮቹ አንዱ ከጀማሪው ጎን ይቁም። በዚህ ስፖርት አንድ የተወደደ ልማድ አለ። ተወዳዳሪው የራሱን ዙር እንደ ፈጸመ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ መስመሩ ይወርዳል፤ በተከታዩ ውድድር የተገለበጡትን መኪናዎች እያነሣም ወደ መንገዳቸው ይመልሳል። ባለ ዋንጫውም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም። ጎንበስ ብሎ የጀማሪን መኪና ያነሣ ባለሙያ በዚያች ቅጽበት ለስፖርቱ የሠራው ከዋንጫው ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘሩት ተቃውሞዎች ሁሉ ከንቱ አይደሉም። «ዐሥራ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ክለብ ሦስት ምድብ ብናወጣ፥ አራት አራት መኪና ብቻ ሲሮጥ ምን ደስ ይላል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ምድብ በበዛ ቍጥር ዋንጫው ይረክሳል፤ ቀኑም ይረዝማል። ስለዚህ አዲስ ምድብ ከመጨመር በፊት እርስ በርስ የሚመሳሰሉትን አንድ ማድረግ ይሻላል። ከሌሎቹ ሁሉ አንዱ ይታጠፍ ቢባል ግን የጀማሪዎቹ መጨረሻ ላይ ይታጠፍ፤ ሌሎቹ ምድቦች ነገ ሰው የሚያገኙት ከእርሱ ነውና።

ሌሎች ደግሞ «ይህ ልጅን ማሞላቀቅ ነው፤ ሽንፈትን ይልመድ» ይላሉ። እኛም ሽንፈት አስተማሪ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሚያስተምረው ሽንፈት ምክንያቱ የሚታይ ሽንፈት ነው። በአንድ መኪና ርቀት የተሸነፈ ልጅ «ኩርባው ላይ ፈጠንሁ» ብሎ ይማራል። አምስት ዙር የተቀደመ ልጅ ግን ከምን እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂላችን እንቍላሉን አላሞላቀቀውም፤ ጊዜውን ጠበቀለት እንጂ።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ

አንባብያን «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በሬዲዮ የሚታዘዝ መኪና በየቤቱ የለ» ሳይሉ አይቀሩም። እርግጥ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ አልፎ አልፎ ያመጣት እንደ ሆነ ነው። ይህ ከተገኘ እናቶች አንድ ጥንቃቄ እንዳይረሱ አደራ እንላለን። በዘመናዊዎቹ መኪናዎች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ካበጠ ወይም ከተቀጠቀጠ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ያበጠው ከአገልግሎት ይወገድ፤ ደኅናውም ቢሆን ሰው በሌለበትና ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ አይሞላ።

ያለ ባትሪና ያለ ሬዲዮ የሚደረግ ውድድር ግን አለ። በ1953 በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች በምትባል ከተማ ዶን መርፊ የተባለ አባት የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረው። ልጁ ሰው ተቀምጦባቸው ቍልቍለት በሚወርዱት የእንጨት ጋሪዎች ለመወዳደር ቢመኝም ዕድሜው ገና አልደረሰም ነበር። አባትየው ልጁን «ጠብቅ» ብሎ ብቻ አልተወውም። በእጅ የምትያዝ፥ ከጥድ እንጨት የምትጠረብና በተዳፋት ሳንቃ ላይ በራሷ ክብደት የምትወርድ ትንሽ መኪና ዐሰበለት። ውድድሩም በስካውት ልጆች ዘንድ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። ልብ እንበል፤ ይህ ጨዋታ ራሱ የተወለደው በር ለተዘጋበት ጀማሪ በር ለመክፈት ነው።

የተለመደው መጠን ቀላል ነው። ርዝመቷ 18 ሴንቲ ሜትር፥ ስፋቷ ከጎማ እስከ ጎማ 7 ሴንቲ ሜትር፥ ክብደቷ ከ142 ግራም የማይበልጥ ነው። ወጥ ቤት ያለ ትንሽ ሚዛን ለዳኝነት ይበቃል። መጋዝ፥ ብርጭቆ ወረቀትና አራት ሚስማር ከተገኙ፥ ጎማው ከውሃ ጠርሙስ ክዳን ሊሠራ ይችላል፤ ቀዳዳው ግን በትክክል መካከሉ ላይ ይሁን። የሚስማሩ ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ጥቂት የእርሳስ ዱቄትም ይነስነስበት። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ካልተተከሉ መኪናዋ ጠርዙን እየታከከች ፍጥነቷን ታባክናለች። ሁለት ረዣዥም ሳንቃዎች ጎን ለጎን፥ በአንድ ጫፋቸው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ቢደገፉ መስመሩ ተዘጋጀ ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በሁለቱም ሳንቃ ላይ ተራ በተራ ይሩጥ፤ ያን ጊዜ «ሳንቃው ነው ያሸነፈኝ» የሚል አይኖርም።

እዚህ ላይ ግን ለወላጆች፥ በተለይም ለአባቶች፥ አንድ ነገር መናገር ግዴታችን ነው። በዚህ ውድድር የታወቀው ሕመም ልጅ እየተመለከተ አባት መኪናውን የመሥራቱ ነገር ነው። በእኛ ግቢ ሕመሙ እጥፍ ይሆናል። የአንዱ ልጅ አባት ፈቃድ ላይ ነው፤ መጋዙን ይዞ ሦስት ሌሊት ሲያለሰልስ ያድራል። የሌላው ልጅ አባት ግዳጅ ላይ ነው። ያ ልጅ መኪናውን ሳንቃው ላይ ከማስቀመጡ በፊት ተሸንፏል። የተሸነፈውም በሌላ ልጅ ሳይሆን በአባቱ አለመኖር ነው። እናቱን «እማዬ፥ ከእንግዲህ አልሄድም» ቢላት የምትመልስለት ቃል ከየት ታመጣለች?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሥራው በየቤቱ ሳይሆን በክበቡ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድነት ይሠራ። እንጨቱ ለሁሉም ከአንድ ሳንቃ ይቈረጥ። በመጋዝ መቍረጡን ዐዋቂ ይሥራ፤ ማለስለሱን፥ መቀባቱንና ጎማ መግጠሙን ግን ልጁ ራሱ ያድርግ። አባቱ ሩቅ ያለ ልጅ ጎን ከባልደረቦቹ አንዱ ወይም እናቱ ትቀመጥ፤ ሴቶች ልጆችም እንደ ወንዶቹ ይሰለፉ። ምድቦቹ ሦስት ይሁኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደሩት በአንዱ፥ ነባሮቹ በሁለተኛው፥ እጃቸው የሚበላቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ በሦስተኛው ይወዳደሩ። ከጀማሪዎች ምድብ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ወደ ነባሮቹ ይለፍ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አንድ አዲስ ልጅ ያስተምር።

ኋላ የሚቀረውን ልጅ መጠበቅ የፊተኛውን ማዘግየት አይደለም። ወታደር ይህን በጕዞ ላይ ያውቀዋል። የጓድ ጕዞ የሚለካው መሪው በደረሰበት ሰዓት ሳይሆን የመጨረሻው ሰው በደረሰበት ሰዓት ነው። ለልጆቻችንም ይህንኑ እናስተምራቸው፤ ለመጀመር ያህል አንድ ሳንቃና አራት ሚስማር ይበቃናል።